እስከ ሃያ ሦስት

ሰው መጠርጠር የጀመርኩት በስምንት ዓመቴ ነው፤ ጎበዝም ነበርኩ። የሰፈር ልጆች ቆርኪ ሲሰበስቡ እኔ የሰው ነውር እሰበስብ ነበር። ወተት ሻጯ ወተቱ ላይ ውሃ እንደምትጨምር፣ የክፍላችን አለቃ ጠመኔ ካልሲው ውስጥ ሸጉጦ እንደሚወጣ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። ለማንም ግን ትንፍሽ አልልም፤ ይዤ ነው የምቆየው። ከያዝኳቸው ሁሉ ትልቁ፣ ምግብ እስኪያስጠላኝ ያሳሰበኝ፣ ባለ ደብተሩ ነበር።

ባለ ደብተሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ አባዬና ጎማ ሙዚቃ ሲለማመዱ ቤታችን የሚመጣ ቀጭን ሰውዬ ነው። ጎማ የአባዬ ጓደኛ ነው። ጎማ ስለሚጠግን ጎማ ተባለ፤ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ሚስቱም የረሳችው ይመስለኛል። ከበሮ ይመታል። አባዬ ሳክስፎን ይነፋል። በሥራ ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ማርሽ ባንድ ተቀጣሪ ነው፤ የወርቅ ቁልፍ የተደረደረበት ኮት ለብሶ ሹም ሲመጣ ይነፋል፣ ሹም ሲሄድ ይነፋል። ቅዳሜ ግን ኮቱን ሰቅሎ በካናቴራ ይቀርና ሌላ ነገር ይነፋል።

ያንን ሌላ ነገር እማዬ "ዘይት ያጣ በር" ነው የምትለው።

"ጃዝ ነው" ይላታል አባዬ።

"ጃዝማ አውቃለሁ፣ በሬዲዮ እሰማ የለ? ሰው ይደንስበታል።"

"ይሄ የማይደነስበት ነው።"

"ታዲያ ምን ይደረግበታል?"

አባዬ ይስቃል። እኔም ብሆን ለእማዬ ነበር የማደላው። ዜማውን ያዝኩት ስትሉ ያመልጣችኋል። ሳክስፎኑ የሳሙና ፋብሪካውን ጡሩምባ ይመስል አንድ ድምፅ ይዞ ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ አባዬ ደም ሥሩ ይገተራል። ጎማ ከሱቁ ያመጣውን ሰንሰለት በከበሮው ሲምባል፣ በዚያ ሳህን መሳይ ነሐስ ላይ ይጎትታል፤ ጎማ መፈልቀቂያውን ብረት ይዞ አሮጌ ቸርኬ ይደልቃል። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፣ ክፍሉ ይታፈናል፣ ላብ ላብ ይሸታል። ከዚያ ጎማ ከበሮውን ልክ ፈንዲሻ ድስት ውስጥ እንደሚንጣጣው ያንጣጣዋል። ከዚያ ድንገት፣ ጭጭ።

ሁለቱም ያቆማሉ። ጎማ በትሮቹን አየር ላይ እንደያዘ ይቀራል። አባዬ ዓይኑን ይጨፍናል። ዝምታው ይረዝማል፤ ቧንቧው በርሜል ላይ የሚያንጠባጥበው ይሰማኛል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ሳክስፎኑ እንደገና የሚነሳው፤ ያኔ ግን ቀስ ብሎ፣ እግር ስታጠቡ የምታንጎራጉሩት ዓይነት አጭር ዜማ ይጫወታል። ከዚያ ሁሉ ጩኸት የምወደው እሷን ብቻ ነበር። በቃሌ ይዣታለሁ።

ስለዝምታው የደረስኩበት ድምዳሜ አንድ ነው፤ አባዬ ይጠፋበታል። እኔም ግጥም በቃሌ ለመወጣት ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሲጠፋብኝ ዓይኔን የምጨፍነው እንደዚያ ነው። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ሲደርስ ይጠፋበታል። አሳዘነኝ። ለማንም አልነገርኩም፤ አባቴ ነዋ።

ባለ ደብተሩ ግን ይጽፈዋል። በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሻይ ሲሰጡት አመሰግናለሁ ይላል፣ አይጠጣም። ጩኸቱ ሲጮህ መሬት መሬቱን ያያል። ዝምታው ሲመጣ ብቻ ሰዓቱን ያወጣና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያያል፤ ሲያበቃ እርሳሱን በምራቁ አርሶ ይጽፋል። አንድ ቀን የሻይ ብርጭቆ አነሳ መስዬ ከኋላው ዞርኩና ደብተሩን አየሁት። ሽፋኑ አረንጓዴ የሳሙና መጠቅለያ ወረቀት ነው። ውስጡ ቁጥር ብቻ። 23። 23። 22። 23። መጨረሻ ላይ 21 ይላል፤ ሥሩ በቀይ ተሰምሮበታል።

እኛ ትምህርት ቤት በቀይ የሚሰመረው ስህተት ነው። የአባቴን ስህተት እየለካ ይመዘግባል ማለት ነው፤ ይህን ያህል ጠፋበት፣ ይህን ያህል ጠፋበት እያለ።

"ዛሬ ሁለት ሰው ዘለላችሁ" አለ ባለ ደብተሩ በዚያው ቀን። ድምፁ ደረቅ ነው።

"ይቅር በለኝ፣ ልቤ ቸኮለብኝ" አለው አባዬ።

"ሁለቱም እናት አላቸው።"

አባዬ አንገቱን ደፋ። አባቴ፣ ባለ ወርቅ ቁልፉ፣ እንደ ተማሪ አንገቱን ደፋ!  ወጥ ቤት ገባሁና እማዬን ያዝኳት።

"ሰውየው ምንድን ነው የሚጽፈው?"

"አንቺን አይመለከትሽም።"

"ምንድን ነው ሥራው?"

"ሰዓት ሠሪ ነው።" ሽንኩርቱን አስቀምጣ ወደ ሳሎኑ አየች። "ቆጥሮ ቆጥሮ እኛንም ያስቆጥረናል።"

ጥርጣሬዬ የተረጋገጠልኝ የዚያን ሳምንት ነው። የወተት ሻጯን ልጅ ከሥራ ቦታው ወሰዱት። ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ ተሰልፈው ሲያወሩ እጅሬ ከጎናቸው ጠጠር እጫወታለሁ። "ጆሮ ጠቢ ነው ያስበላው" አለች አንዷ። "ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ ነበር አሉ፣ ማን ልብ አለው።" እኔ ልብ ብያለሁ። እኛ ቤት ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ለማጣራት ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ሰዓት፣ አንዱ ከአንዱ የማይስማማ። እሱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አንድ ዓይኑ ላይ ጥቁር ማጉያ ሰክቷል። ቀና ሲል ያ ዓይኑ ማጉያውን ሞልቶ አፈጠጠብኝ።

"የማን ልጅ ነሽ?" አለኝ።

አቤት ማስመሰል! በየቅዳሜው ቤታችን እየመጣ የማን ልጅ ነሽ ይለኛል። ሮጬ ወጣሁ። ዓይኑ ላይ ማጉያ የሰካ ሰው ከአፍንጫው ራቅ ያለውን አጥርቶ እንደማያይ ያወቅኩት፣ እኔው ራሴ መነጽር ካደረግኩ በኋላ ነው።

ከዚያ አባዬና ጎማ ሰው ፊት የሚጫወቱበት የዝግጅት ቀን ደረሰ። እሁድ ከሰዓት፣ የሠራተኞች መሰብሰቢያ አዳራሽ። ያኔ አዳራሽ ውስጥ የሚሰማ ሙዚቃ ሁሉ አስቀድሞ በኖታ ተጽፎ ለፈቃድ ክፍል ይቀርባል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ በዕለቱ ደግሞ የክፍሉ ሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል። አባዬ ሳምንቱን ሙሉ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ኖታ ሲጽፍ ሰነበተ። ርዕሱን "የጠዋት ጉዞ" አለው። ጎማ በሳቅ ሞተ።

"ቃል የለበትማ! ምኑን ይሰርዙታል? ሰንሰለቷን ይሰርዟት?"

"ቀስ በል" አለው አባዬ።

እሁድ ጠዋት እማዬ የአባዬን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። የምታወራው ለካውያው ይመስላል። "ዛሬ አንድ ነገር ቢበላሽ ሥራውም አለቀ፣ እሱም አለቀ። ምነው ያቺን ቦታ ቶሎ ባለፏት።"

ሰማኋት። ያቺን ቦታ። ስለዚህ እማዬም አባዬ የት ጋ እንደሚጠፋበት ታውቃለች።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ፊት ፊቱን የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ከነሚስቶቻቸው ያዙት። ከፈቃድ ክፍሉ የመጣው ሰውዬ፣ ባለ ማኅተሙ፣ መሐል ላይ ተቀምጧል፤ ንጹሕ መሐረብ ጉልበቱ ላይ አንጥፎ ኖታውን ከላይ አድርጎበታል፣ እርሳስ ይዟል። ጨዋ ሰው ይመስላል። ከኋላ ያሉት ደግሞ አለባበሳቸው የሠራተኛ ነው፤ አሮጊቶች አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ፣ ሕፃን ያዘለችም አለች። እኔና እማዬ መካከል ላይ ነን። ዞር ዞር ብዬ ፈለግኩት። ባለ ደብተሩ ከሁሉ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ አረንጓዴ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቷል። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። አባቴ መሐል ገብቷል።

ጡሩምባው ጮኸ። ከፊት ያሉት ሴቶች ተያዩና ፈገግ አሉ። ሰንሰለቱ ተጎተተ። ባለ ማኅተሙ እርሳሱን ከመስመር መስመር እያስኬደ ራሱን ይነቀንቃል። ፈንዲሻው ተንጣጣ፣ ኋላ ያለው ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ጭጭ።

የእማዬ እጅ እጄ ላይ ጠበቀ። መቁጠር ጀመርኩ። አምስት። ስምንት። አባዬ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። አሥር ላይ ዞሬ ኋላ ያሉትን አየሁ። ሁሉም ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል! በሹክሹክታ አባቴን እያሙት ነው ብዬ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። አሥራ አራት። የባለ ማኅተሙ እርሳስ ቆመ። ገጹን ወደ ኋላ ገለጠ፣ መልሶ ወደ ፊት ገለጠ። ወረቀቱ ላይ አባዬ ያንን ቦታ አንድ ትንሽ ዕረፍት ብሎ እንደጻፈው የሰማሁት አድጌ ነው። አሥራ ሰባት። ባለ ማኅተሙ ቀና አለ። አሥራ ስምንት። ወደ ኋላ ዞሮ አዳራሹን ቃኘ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ጨዋነት ሲሄድ አየሁት። አሥራ ዘጠኝ። መሐረቡን አጠፈ፣ ሊነሳ ነው።

አባቴ ተበላ አልኩ። እጄን ከእማዬ መንጭቄ ወንበሬ ላይ ቆምኩና ያቺን አጭር ዜማ ለቀቅኳት። "ላ ላ ላ" እያልኩ፣ ባለ በሌለ ድምፄ፤ የጠፋበትን ጓደኛ ከኋላ እንደምንነግረው ልነግረው ነው።

ፊት ያሉት በሳቅ ፈረሱ። ባለ ማኅተሙ ዞሮ አየኝ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ እሱም ሳቀና ተመልሶ ተቀመጠ። አባዬ ዓይኑን ገለጠ። ያንን አስተያየቱን እስካሁን ልተረጉመው አልቻልኩም፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሳክስፎኑን አንስቶ ዜማዋን ከእኔ ጋር ጨረሰ። ፊት ያሉት አጨበጨቡ። ከኋላ አንድም ሰው አላጨበጨበም። ጥቁር የለበሰች ሴትዮ ተነስታ ወጣች። ሁለት ሰዎች ተከተሏት። ቀጥሎ ባለ ደብተሩ ደብተሩን ዘጋና ወጣ። እንዴት ያሉ ባለጌዎች ናቸው ብዬ አዘንኩባቸው።

ባለ ማኅተሙ ሲወጣ ጉንጬን ቆነጠጠኝ። "የዝግጅቱ ኮከብ አንቺ ነሽ!"

ቤት ስንገባ ምስጋና ጠብቄ ነበር። አባዬ ሳክስፎኑን ሳያብስ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። እማዬን ለረጅም ጊዜ አያት። እማዬም አየችው። "ምን ታየኛለህ?" አለችው። "ምንም" አላት። በቃ፣ ይቺው ናት። ወጥ ቤት ስንቀር እማዬ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ለጥፋ "አዳንሽን" አለችኝ በጆሮዬ፣ "አዳንሽን፣ የኔ እናት።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለ ደብተሩ አልመጣም። በሚቀጥለውም። ደስታዬ ወደር አልነበረውም፤ ጆሮ ጠቢውን ከቤታችን ያባረርኩት እኔ ነኝ! አባዬ እየነፋ በሩ አጠገብ ያለችውን ባዶ ወንበር ያያታል፣ ይሳሳታል፣ ያቆማል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጎማም ቀረ። ሳክስፎኑ አልጋ ሥር ገባ። አባዬ ከዚያ በኋላ የነፋው ለሹማምንት ብቻ ነው። እኔ በድሌ ኮርቼ አደግኩ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ዘንድሮ ለሆነው ነገር ስል ነው።

አባዬ ዘንድሮ ሳንባው ተያዘ። ከአልጋ አይነሳም፤ ሦስት ቃል ተናግሮ ያርፋል። ሐኪሙ እኛን ውጭ ጠርቶ በወራት ሳይሆን በሳምንታት አስቡ ብሎናል። አንድ ቀን እማዬና እኔ ወጥ ቤት ዕቃ ስናጥብ፣ ከመሬት ተነስታ፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

"አሁን እንኳ ንገሪኝ። ያን ቀን ዝፈኚ ያለሽ ማን ነው?"

"የቱን ቀን?" አልኳት፣ አውቄው።

"ጎማ ነው? ንገሪኝ፣ እሱም ሞቷል።"

"ማንም አላለኝም፣ እማዬ። አባዬ የጠፋበት መስሎኝ ነው።"

ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

"አባትሽ እኔ የላክሁሽ ይመስለዋል" አለች። "ፈርታ ልጇን አዘፈነች ብሎ። አርባ ዓመት ሙሉ አልጠየቀኝም፤ እኔም ሳልጠየቅ እንዴት ልማል? ደግሞስ ብናገር ማን ያምነኛል፤ ፈርቼ ነበራ! ያቺን ቦታ ቶሎ ባለፏት እያልኩ ጠዋትና ማታ ስነዘንዘው ነበር። ሰዓት ሠሪው ደግሞ ራሱ አባትሽ ነው ልጁን ያስነሳት ብሎ ነው የቀረው።"

"ይቅራ!" አልኩ። "ጆሮ ጠቢ!"

እማዬ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ከዚያ እጇን በቀሚሷ አብሳ የሳሙና ፋብሪካውን ነገር ነገረችኝ። ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው በር ላይ ተቀመጡ። ተተኮሰባቸው። ሃያ ሦስት ሰው። አስከሬን አልተሰጠም፤ ፋብሪካው "በፈቃዳቸው ሥራ ለቀው ሄዱ" ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ሥራ ለለቀቀ ሰው ለቅሶ መቀመጥ ደግሞ ያሳስራል። አባዬና ጎማ ዝምታዋን የሠሩት ለዚያ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ቆጠራ። ሙዚቃው ምት ስለሌለው ቆጠራውን የሚጠብቅ ሰው አስፈለገ፣ እንዳያጥር፣ ማንም እንዳይዘለል። ሰዓት ሠሪው በየቤቱ ዞሮ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቁጥሩን ነገረ፤ የእናንተ ሰባተኛው ነው፣ የእናንተ አሥራ አንደኛው ነው ብሎ። የኋላዎቹ ሰዎች ከንፈራቸው የሚንቀሳቀሰው የራሳቸውን ሰው ሲጠብቁ ነው።

"ባለ ደብተሩስ?" አልኳት። "እሱ ምን አገባው?"

"ልጁ እዚያ ሳሙና ትጠቀልል ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። የሰው ይቅደም ብሎ የራሱን ልጅ መጨረሻ ላይ አደረጋት።"

ሃያ ሦስተኛ። እኔ የዘፈንኩት አሥራ ዘጠኝ ላይ ነው። እጆቼን የሳሙና ውሃው ውስጥ እንደነከርኩ ቀረሁ።

መጀመሪያ አባዬ ጋ ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገርኩት፣ ከቀይ መስመሩ ጀምሬ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ በር ላይ የቆመችውን እማዬን አያት።

"አንቺ... አልነበርሽም?"

"አልነበርኩም" አለችው።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ ሄዳ ከጀርባው ተጋደመች፣ በሩን ዘግቼላቸው ወጣሁ።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። አለ፣ እዚያው ነው፤ ሰዓቶቹም አሁንም አይስማሙም። ሰዓት ሠሪው ሰማንያውን ያለፉ ሽማግሌ ሆነዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ እላቸዋለሁ። ማጉያው ዓይናቸው ላይ ነው።

"የማን ልጅ ነሽ?"

ነገርኳቸው። ማጉያውን አወለቁ። ፊታቸው ተዘጋ።

"ደግሞ ምን ብሎ ላከሽ?"

"ማንም አልላከኝም። ያኔም ማንም አልላከኝም፣ አባባ።"

"የስምንት ዓመት ልጅ ከሜዳ ተነስታ አትዘፍንም።"

"ዘፈንኩ። እርስዎ ጆሮ ጠቢ መስለውኝ ነው። የአባቴን ስህተት የሚጽፉ መስሎኝ።"

ሱቁ በሰዓት ድምፅ ተሞላ። አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። "እኔ?" አሉ። "እኔ ጆሮ ጠቢ?" ሳቅ ጀመራቸው፣ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። "እኔ እኮ አባትሽ የላከሽ ነበር የመሰለኝ። አርባ ዓመት! በመንገድ ሲያልፍ ፊቴን አዙሬበታለሁ።" ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት፣ ትንንሾቹ ብሎኖች ዘለሉ። "ይነፋል አሁንም?"

"ትንፋሽ የለውም። ብዙ ቀን የለውም።"

ማጉያውን መልሰው ሰኩና የሰው ሰዓት መፍታት ጀመሩ። ተባረርኩ ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ከዘራ ይዘዋል፣ ኮት ለብሰዋል፤ በብብታቸው አረንጓዴ ወረቀቱ የነጣ ደብተር አለ። እማዬ ያቺን ወንበር ከሳሎን አምጥታ መኝታ ቤቱ በር አጠገብ አደረገችላቸው። አባዬ በትራስ ተደግፏል። ሁለቱ ተያዩ።

"መንፋት... አልችልም" አለ አባዬ።

"ለዚያች ቦታ ትንፋሽ ምን ይሠራል?" አሉት፣ በዚያው በደረቅ ድምፃቸው።

ሰዓታቸውን አወጡ። እማዬ ምድጃውን አጠፋች። አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። ጭጭ።

ቆጠርኩ። አምስት። ስምንት። የእማዬ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። አሥራ አራት። የአባዬ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል፣ እንዳያስል ፈራሁ። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ ላይ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሃያ። ያቺ አዳራሹን ጥላ የወጣችው፣ ጥቁር የለበሰችው ሴትዮ። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። ሰዓት ሠሪው ሰዓቱን በሁለት እጃቸው ያዙት።

ሃያ ሦስት።

እርሳሱን በምራቃቸው አርሰው ጻፉ። አባዬ ዓይኑን ገለጠና ወደ እኔ ዞረ።

"አሁን" አለኝ። "አሁን ዝፈኚ።"